ድምፅ የሌለው ጣሪያ

(ሲኤምሲ፣ አንድ ዓይነት ቪላዎች በተደረደሩበት ግቢ፣ የጋሽ ረታ ሳሎን። ጋሽ ረታ ጡረተኛ ናቸው። ባለፈው ወር የግቢው ሰው በሙሉ ጣሪያ ሲያስቀይር እሳቸውም አስቀይረዋል። መጋረጃውን ዘግተው ሶፋ ላይ ሆነው ኳስ ያያሉ። የድሮ ጎረቤታቸው ልጅ ሽፈራው ከላምበረት መጥቶ በሩ አጠገብ ቆሟል። ከባርኔጣው ውሃ ይንጠባጠባል።)

ረታ፦ አልዘነበም አልኩህ።

ሽፈራው፦ እሺ ጋሽ ረታ።

ረታ፦ እሺ አትበለኝ። እመን።

ሽፈራው፦ አምኛለሁ። ባርኔጣዬን የት ላስጣው?

ረታ፦ ለምን ታሰጣዋለህ?

ሽፈራው፦ ርሷላ።

ረታ፦ መኪና ረጭቶህ ነው።

ሽፈራው፦ የራሰው እኮ አናቱ ነው።

ረታ፦ እንግዲያው ሲኖትራክ ነው። ና ቁጭ በል። ሶፋውን ግን እንዳታረጥበው።

(ሽፈራው እንዴት እንደሚቀመጥ ግራ ይገባውና እንደቆመ ይቀራል።)

ሽፈራው፦ ጋሽ ረታ፣ ያ ጓሮ የተሰጣው በርበሬ...

ረታ፦ እሱን ለኔ ተወው፣ እኔ ነኝ ጠባቂው። ትበርህ ጠዋት አስጥታው ወደ መገናኛ ወረደች። የልጃችን የሔዋን የሰርግ በርበሬ ነው። አንድ ጠብታ ከነካው ለሰርጉ ቀይ ወጥ የማደርገው አንተን ነው ብላኛለች።

ሽፈራው፦ ታዲያ ወጣ ብለው አያዩትም?

ረታ፦ ምን ልሁን ብዬ? ቢዘንብ አልሰማም?

ሽፈራው፦ ይሰማሉ?

ረታ፦ የት እሰማለሁ። አዲሱ ጣሪያ እኮ ድምፅ የለውም። ላይና ታች ቆርቆሮ ነው፣ መሃሉ ፎም ነው። የገጠመልኝ ባለሙያ በረዶ ቢወርድ እንኳ ሕፃን አይነቃም ብሎኛል።

ሽፈራው፦ ታዲያ መዝነቡን በምን ያውቃሉ?

ረታ፦ በጆሮዬ ነዋ።

ሽፈራው፦ ድምፅ የለውም አሉኝ እኮ።

ረታ፦ የለውም።

ሽፈራው፦ አሁንስ የሚሰማዎት ነገር አለ?

ረታ፦ ምንም።

ሽፈራው፦ ስለዚህ...

ረታ፦ ስለዚህ አልዘነበም። ይሄ ምኑ ይከብዳል?

ሽፈራው፦ (ግንባሩን እያሸ) ለኔ ትንሽ ከበደኝ።

ረታ፦ አይፈረድብህም። ዕድሜህን ሙሉ አሮጌ ቆርቆሮ ሥር የኖርክ ሰው ነህ። ለምክር በመምጣትህ ጥሩ አደረግክ። የአባትህን ቤት ጣሪያ ምን ወሰንክ?

ሽፈራው፦ የቅርስ ሰዎች መጥተው አዩት። ቤቱ የጥንት ስለሆነ ቅርስ ብለን መዝግበነዋል አሉ። ጣሪያውን መቀየር ትችላለህ፣ ግን እንደ ድሮው ባለ ቆርቆሮ ነው፣ ፎም የሚባል ነገር አይነካውም አሉኝ።

ረታ፦ ፈረዱብህ በለኛ። ክረምቱን ሙሉ እንቅልፍ የለህም።

ሽፈራው፦ እኔማ እንቅልፍ የሚወስደኝ ሲዘንብ ነው። አባቴ ነበር የማይተኛው። የመጀመሪያዋ ጠብታ ቆርቆሮውን ስትመታ ከአልጋው ዘሎ ይወርዳል። የተሰጣ እህልም ሆነ የታጠበ ልብስ፣ ሁሉንም አስገብቶ ነው የሚመለሰው።

ረታ፦ ይኸውልህ። እሱ ዘሎ ሲወርድ ኖረ፣ እኔ ተኝቼ እኖራለሁ። ሥልጣኔ ማለት ይሄ ነው።

(ውጭ ነጎድጓድ ይሰማል። ሽፈራው ቀና ይላል።)

ሽፈራው፦ ነጎደ መሰለኝ።

ረታ፦ ጎረቤታችን ነው፣ ሶፋ እየገፋ።

ሽፈራው፦ ድምፁ የመጣው ከላይ ነው እኮ።

ረታ፦ ፎቅ አለው። አንተ ደግሞ እንደ ትበርህ ሆንክ። ቅድም ከመገናኛ ደውላ፣ እዚህ ዶፍ ነው፣ ወደናንተ እየመጣ ነው አለችኝ። መገናኛ ቢዘንብ ሲኤምሲ ምን ቸገረው አልኳት። ዝም ብላ ስልኩን ዘጋችው። የምትመልሰው ስታጣ እንደዚህ ናት።

ሽፈራው፦ የምትመልሰው አጥታ ነው?

ረታ፦ ሌላ ምን ይሆናል።

(መብራት ይጠፋል። ቴሌቪዥኑም ሳሎኑም ይጨልማል። ጋሽ ረታ እያጉረመረሙ ተነስተው መጋረጃውን ይገልጣሉ።)

ረታ፦ ሽፈራው።

ሽፈራው፦ አቤት ጋሽ ረታ።

ረታ፦ ይሄ መስተዋቱ ላይ የሚወርደው ምንድን ነው?

ሽፈራው፦ ሲኖትራክ ይሆናል።

(ጋሽ ረታ በካልሲ ወደ ጓሮ ይሮጣሉ። ሲመለሱ ከራሳቸው እስከ እግራቸው ርሰዋል።)

ረታ፦ ሰሌኑ ባዶ ነው። አንዲት ዛላ አልቀረችም። ጎርፉ ጠርጎ ወስዶታል።

ሽፈራው፦ ጋሽ ረታ፣ እሱ እኮ...

ረታ፦ ሰርጉን ተወው፣ እኔ ዛሬን አላድርም። ስማ፣ እቤትህ ትርፍ አልጋ አለ?

ሽፈራው፦ አለ። ግን ጣሪያው ይጮሃል።

ረታ፦ ይጩህ። ከትበርህ አይብስም።

ሽፈራው፦ በርበሬው ማድቤት ነው።

ረታ፦ ምን አልክ?

ሽፈራው፦ ማድቤት ነው። ስደርስ ገና እያካፋ ነበር፣ በጆንያ ሰብስቤ አስገባሁት። እሱን ጠብታ አልነካውም። እኔ ነኝ እየተመላለስኩ የበሰበስኩት።

(ጋሽ ረታ ማድቤቱን አይተው ይመለሱና ሶፋው ላይ ዘፍ ይላሉ። ሶፋው ይረጥባል።)

ረታ፦ እና ይሄን ሁሉ ሳወራ ዝም ትለኛለህ?

ሽፈራው፦ ከበሩ ጀምሬ ልነግርዎት ነበር፣ አልዘነበም አሉኝ። ሰው በገዛ ጣሪያው ሲተማመን ደግሞ እንግዳ ምን ይላል?

ረታ፦ ለምክር ብለህ ባትመጣ ኖሮ ዛሬ አልቆልኝ ነበር። እግዜር ነው የላከህ።

ሽፈራው፦ የላከችኝስ እትዬ ትበርህ ናት።

ረታ፦ ትበርህ?

ሽፈራው፦ ከርስዎ ጋር አውርታ እንደዘጋች ነው የደወለችልኝ። አንተ ትቀርባለህና በታክሲ ድረስልኝ፣ እዚያ ቤት ጣሪያውም አይሰማም፣ ሰውዬውም አይሰማም አለችኝ። በርበሬውን ካስገባህ በኋላ ምክር ፈልገህ የመጣህ ምሰል፣ ደስ ይለዋል አለች።

(ጋሽ ረታ ካልሲያቸውን ይጨምቃሉ። ድምፃቸው ዝቅ ይላል።)

ረታ፦ የአባትህን ጣሪያ ስታነሳ፣ አሮጌውን ቆርቆሮ ምን ልታደርገው ነው?

ሽፈራው፦ ለቆራሌው ልሸጠው ነበር።

ረታ፦ አንዱን አስቀርልኝ። መስኮቱ አናት ላይ አስመታዋለሁ። ለሌላ አይደለም፣ ለጌጥ ነው።

ሽፈራው፦ አስቀርቻለሁ።

ረታ፦ መች ጠየቅኩህና?

ሽፈራው፦ እትዬ ትበርህ ናት ያስያዘችው። ከሶፋው ራስጌ ካለው መስኮት አናት ላይ ምታልኝ፣ እሱ ከጠየቀህ ደግሞ ለጌጥ ነው በለው ብላኛለች።