ጋሽ ዘለቀ አልተግባቡም

ሦስት ሐበሻ ሻይ ይዞ በተቀመጠበት ሁሉ ከሦስቱ አንዱ ጋሽ ዘለቀ ነው። ስሙ ይለያይ ይሆናል፤ ደሴ ላይ ሌላ፣ ናዝሬት ላይ ሌላ ይባላል። ጠባዩ ግን አንድ ነው። ኳስ በእግሩ ነክቶ አያውቅም፤ ስለ ኳስ የማያውቀው ነገር ግን የለም። ሰው ሁሉ ነጭ ሲል ጥቁር ይላል። ሰው ሁሉ ታክቶት ጥቁር ነው ብሎ ሲስማማለት ደግሞ፣ ነጩን ማን አጠቆረው ብሎ ይነሣል። የጂዳው፣ የሸረፊያ ሠፈሩ ጋሽ ዘለቀ ከሁሉም የላቁ ስለሆኑ አንቱ ልንላቸው ይገባል።

ክቡርነታቸው የአንድ ነጋዴ ቤተሰብ ወጥ ሠሪ ናቸው። ዓርብ ዓርብ የቤቱን ምሳ አቅርበው ሽርጣቸውን ከሰቀሉ በኋላ፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ሻይና ሳንድዊች ወደምትሸጠው ወደ ሐሩን ቡፊያ ይመጣሉ። ከጥጉ ወንበር ይቀመጡና የሰውን ሐሳብ እየሰሙ ይጠብቃሉ። የሚጠብቁት ሰው የሚስማማበትን ሰዓት ነው። ሁሉም ራሱን መነቅነቅ ሲጀምር ብርጭቆአቸውን ቀስ ብለው ያስቀምጡና «አልተግባባንም» ይላሉ። በሥራ ቦታቸውም እንዲሁ ናቸው ይባላል። ማዳማቸው ጨው በዝቷል ስትላቸው ድስቱን ከፍተው፣ ቀምሰው፣ አስበው፣ «አልተግባባንም» ብለው መልሰው ይከድኑታል። እስካሁን እንጀራቸውን ያቆየላቸው የማዳማቸው አማርኛ አለማወቅ ነው።

ብሥራት ይህችን ቃል ሲሰማ ይሳቅ ወይ ያልቅስ ግራ የተጋባበት ጊዜ ነበር። የነገሩም መነሻ እሱ ራሱ ነው።

ብሥራት የቤት ሹፌር ነው። ጊዜው ለቤት ሥራ የሚመጡ ሴቶች ከአገር ቤት አውሮፕላን እየሞሉ የሚወርዱበት ነበር፤ ሠራተኛ የፈለገ ቤት ሹፌርም ስለሚፈልግ እሱም በዚያው ጎርፍ ተገፍቶ ጂዳ ደረሰ። የቤት ሹፌር ደግሞ ዓርብ የለውም። ዓርብ የዘመድ ጥየቃ ቀን ነው፤ ዘመዱን የሚያደርሰው ሹፌሩ ነው። ብሥራት ግን ከሰማይ የወረደች ዓርብ ነበረችው። ያገኛትም እንዲህ ነው። የሸረፊያ ሐበሾች ቡድን አሰልጣኝ የነበረው ገብረ ኪዳን የመጨረሻ መውጫ ቪዛ ተመትቶለት አገሩ ሲገባ፣ ቦታው ለብሥራት ተሰጠ። የኳስ ልምዱ ትምህርት ቤት ሳለ ተቀያሪ በረኛ መሆኑ ብቻ ነበር፤ እሱም አንድ ቀን እንኳ ሳይቀየር። የተመረጠው ኳሶቹን የሚጭን መኪና የያዘ ሌላ ሰው ስላልነበረ ነው። መኪናው ራሱ የከፊሉ፣ የአሠሪው ነው።

ከፊሉ አቡ አሚን የሹመቱን ወሬ ሲሰማ ከሶፋው ተነሣ። በኳስ ነገር ቀልድ አያውቅም፤ የሚደግፈው ክለብ የተሸነፈ ቀን በዚያ ቤት ራት አይቀርብም። «ሙደሪብ» አለው፤ አሰልጣኝ ማለቱ ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ዓርብ ከዓስር ሶላት በኋላ ያለው ጊዜ የብሥራት እንዲሆን ፈረደ። አሰልጣኝ ቡድኑን ጥሎ የማንንም አሮጊት ለማድረስ አይሄድም አለ። የማንም አሮጊት የተባሉት የገዛ አማቱ ነበሩ። ማዳም ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ ወደ እናቷ የምትሄደው በሊሞዚን ሆነ፤ ጂዳዎች ታክሲን የሚያከብሩበት ስም ነው። ይቅር ግን አላለችም። ቅዳሜ ጧት በመኪናው መስተዋት እያየችው «ኸላስ? አባረሩህ?» ትለዋለች፤ አበቃ ወይ ማለቷ ነው። የሐበሾቹን ቡድን ነገር ከእሷ በላይ የሚከታተል ደጋፊ አልነበረም።

ለብሥራት ዓርብ ኳስ ብቻ አልነበረችም። ከቅዳሜ እስከ ሐሙስ አፉ የሚከፈተው «ሓድር»፣ እሺ፣ ለማለት ነው። የገዛ ቋንቋውን የሚያወራው፣ የሚቀልደው፣ የሚሰደበው በዚያች ከሰዓት በኋላ ነበር።

እንግዲህ ስሕተቱ። መካ ውስጥ፣ ዛሂር ሠፈር፣ ከአያቶቻቸው ጀምሮ እዚያው የኖሩ የሐበሻ ሙስሊም ቤተሰቦች ልጆች ቡድን አላቸው። አለቃቸው አብዱልመጂድ ሽቶ ነጋዴ ነው፤ አማርኛው በአያቱ ዘመን የቆመ፣ ዓረብኛው ግን ከዘመኑ ጋር የሄደ። በየዓመቱ ጂዳ እየመጡ ይጫወቱ ነበር። ብሥራት በተሾመ ሰሞን አብዱልመጂድ ከጨዋታው በኋላ ወቀሳ አነሣ። «ወላሂ፣ ዘላለም እኛው ልንመጣ ነው? እናንተ እግር የላችሁም?» አለ። ብሥራትን ይሉኝታ ያዘው። እጁን ዘረጋና የመልሱን ጨዋታ ዛሂር መጥተን እንጫወታለን አለ። ሁለቱም ቡድኖች አጨበጨቡ፤ ብሥራትም አጨበጨበ። ያ ሁሉ ሰው ሲያጨበጭብ፣ ከጂዳው ቡድን ግማሹ ክርስቲያን መሆኑ፣ ክርስቲያን ደግሞ መካ እንደማይገባ፣ ለአንድ ሰው እንኳ ትዝ አላለውም። ብሥራት የማርያም ማኅበር ጠጥቶ ያደገ ልጅ ነው፤ ለእሱም ትዝ አላለውም።

ትዝ ያላቸው ሚኒባሱ መንገድ ከገባ በኋላ ነው። ከኬላው በፊት ካለው ማደያ ሲደርሱ ሹፌሩ ቆመና ኢቃማ አውጡ አለ። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ላይ፣ ሃይማኖት ተጽፏል። በረኛው ወረደ። ሁለቱ ተከላካዮች ወረዱ። አሰልጣኙ ወረደ። ጋሽ ዘለቀም ወረዱ፤ እየወረዱ «እኔ ከመጀመሪያው ብዬ ነበር» አሉ፤ ሲሉ የሰማ ግን የለም። መንገድ ከጀመሩ በኋላ መመለስ ነውር ስለሆነ፣ የቡፊያዋ ባለቤትና የቡድኑ አምበል ሐሩን የቀሩትን ሙስሊሞች ይዞ ቀጠለ፤ የጎደለውን ሰው እዚያው ከዛሂር ሊዋስ።

ብሥራት ግን አሰልጣኝ ነውና ከማደያው ሆኖ በስልክ አሰለጠነ። ሰው ሁሉ ሜዳ ስለገባ ስልኩን የሚይዝለት ጠፋ። አብዱልመጂድ ጨዋ ሰው ነው፤ እኔ እይዛለሁ አለ። ብሥራት በቀኝ አጥቁ ሲል፣ አብዱልመጂድ አማናውን ጠብቆ፣ አንዲት ቃል ሳያጎድል፣ ለሐሩን በጩኸት ያደርስለታል። ከዚያ በፊት ግን ለራሱ ልጆች በዓረብኛ ይነግራቸዋል።

ጋሽ ዘለቀ ከማደያው አጥር ሥር ተቀምጠው ያላዩትን ጨዋታ ይተነትኑ ነበር። «ግራው ክፍት ነው» አሉ። እንዴት እንዳወቁ ብሥራት ቢጠይቃቸው፣ ከጫጫታው ይታወቃል አሉት። ሦስተኛው ጎል ሲገባ ብሥራት ስልኩን ዝቅ አድርጎ አጠገባቸው ተቀመጠ። ለማንም ያልነገረውን የዓርቡን ነገር፣ የአቡ አሚንን ፍርድ፣ የማዳምን መስተዋት ሁሉ ዘረገፈላቸው።

«ካነሡኝ ዓርቤ የማዳም ናት፣ ጋሼ። አማርኛ የማወራበት ሌላ ቀን የለኝም።»

ጋሽ ዘለቀ ዓይናቸውን ወደ መንገዱ መለሱ። ከዚያ «ግራው አሁንም ክፍት ነው» አሉ። ጨዋታው ሰባት ለባዶ አለቀ።

በሚቀጥለው ዓርብ ጉባኤው ሐሩን ቡፊያ ተሰየመ። ይህ ልምድ የሌለው አሰልጣኝ አንድ ዓመት ይጨመርለት ወይስ ይበቃዋል? ይህ ቡድን እጅ አውጥቶ ድምፅ አይሰጥም። መሥራቾቹ ከወሎም ከጎንደርም ከሐረርም የተሰባሰቡ ነበሩና፣ ድምፅ ሰው ይከፍላል ብለው ነገሩን በሽማግሌ ወግ አደረጉት። ሁሉም እስኪግባባ ይነጋገራሉ፤ አንድ ሰው እንኳ ካልተግባባ ነገሩ ለሚመጣው ዓርብ ያድራል፤ እስከዚያው ያለው ባለበት ይቆያል። ይህን ሕግ ሲያወጡ ጋሽ ዘለቀ ገና ጂዳ አልገቡም ነበር።

የመጀመሪያው ዕለት ሰው ሁሉ በብሥራት ላይ አንድ ቃል ሆነ። ሐሩን ሰባቱንም ጎል ሜዳ ውስጥ ሆኖ ያየ ስለሆነ፣ ይውረድ አለ። በግዳዲያ ሠፈር የምትኖረው፣ የሰው ቤት ተመላላሽ የምትሠራውና የቡድኑን ማልያ የምታጥበው ሮማነወርቅም፣ የዛሂር አቧራ ሦስት ጊዜ ታጥቦ አለመልቀቁን አስመዘገበች። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ያን ጊዜ ጋሽ ዘለቀ ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ።

«አልተግባባንም። ልምድ የሌለው ሰው ሲሳሳት ስሕተት መሆኑን ያውቀዋል። ልምድ ያለው ግን ስሕተቱን ልምዴ ነው ይላችኋል።»

ብሥራት እጃቸውን ሊስም ቃጣው። ከዚያ በኋላ በየዓርቡ እንደ ጠበቃ ቆሙለት። ኬላ የሚባል ተከላካይ የገጠመው አሰልጣኝ ጥሩልኝ አሉ። ቡድኑን በስልክ የመራ ሰው በዓይኑ ቢያይ ምን ሊሠራ ነው አሉ። ሰው እያደር ለሰለሰ። ሮማነወርቅ ልጁ ጥፋቱ ጨዋነቱ ነው አለች። በመጨረሻም ከሁሉ የከረረው ሐሩን እጁን ዘርግቶ፣ «ኸላስ፣ አንድ ዓመት ይጨመርለት» አለ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ብሥራት ትንፋሹን ለቀቀ።

ጋሽ ዘለቀ ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ።

«አልተግባባንም» አሉ። «ዛሬ ኬላ የረሳ ሰው ነገ ሜዳውን ይረሳል።»

ብሥራት የሚሰማውን ማመን አቃተው። ጋሽ ዘለቀ ሲከላከሉለት ያመጡትን ነገር ሁሉ አንድ በአንድ አፈረሱት፤ ከማንም ጠላት ይልቅ አሳምረው አፈረሱት፤ ሠሪው ራሳቸው ስለሆኑ ማገሩ የት እንዳለ ያውቃሉ። ሮማነወርቅ ለጎኗ ሰው፣ ጋሽ ዘለቀ ሽምግልና ሄደው የልጅቷ ቤተሰብ እሺ ካለ ሙሽራውን አምተው ይመለሳሉ አለች። ነገሩ ለሚመጣው ዓርብ አደረ።

ያን ዕለት ብሥራት ወደ ቤታቸው ሲያደርሳቸው መቻል አቃተው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ከእኔ ጋር ነዎት ወይስ በእኔ ላይ?»

«እኔ ከእውነት ጋር ነኝ።»

«እውነቱስ ምንድን ነው?»

«እሱን እኮ ነው የምንነጋገረው» አሉና ወረዱ።

እንዲህ ሲወዛወዝ ሙቀቱ ገባ። ሐሩን ሲጠላው ጋሽ ዘለቀ ይወዱታል፤ ሐሩን ሲወደው ይጠሉታል። ብሥራት በመጨረሻ ራሱም ጎበዝ አሰልጣኝ ይሁን ደካማ ጠፋበት። አቡ አሚንም ግራ ገባው፤ የእሱ ክለብ አሰልጣኝ ለማባረር አንድ ራት አይፈጅበትም። ማዳም ቅዳሜ ቅዳሜ «ኸላስ?» ትላለች። ብሥራት ገና እየተነጋገሩ ነው ይላታል። የትኛው መንግሥት ነው እንዲህ የሚነጋገረው ትላለች።

ሙቀቱ ሲበረታ የጋሽ ዘለቀ አሠሪዎች እንደ ልማዳቸው ወደ ጧይፍ ደጋ ወጡ፤ ወጥ ሠሪያቸውንም ይዘው ሄዱ።

የዚያ ዓርብ ጉባኤ አንድ ብርጭቆ ሻይ እንኳ አልፈጀም። ሰው ደክሞታል። ሐሩን ብሥራት ይረፍ፣ ድሮ ተጫውቶ የሚያውቀው መንግሥቱ ይተካ አለ። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። የሚገርመው ብሥራትም ነቀነቀ። ያ ዛሂር እንመጣለን ያሰኘው ይሉኝታ መልሶ ያዘው፤ ራሱን ከነቀነቀ በኋላ ነው ዓርቡን የሸጠ መሆኑ የገባው።

ተነሥቶ የሚሄድ የለም። ሁሉም ወደ ጥጉ ወንበር ያያል፤ ወንበሩ ባዶ ነው። ሐሩን የተጠረገውን ጠረጴዛ መልሶ ጠረገ።

«ተግባባን ማለት ነው?» አለች ሮማነወርቅ።

አዎ የሚል ጠፋ። ጨው ያልገባበት ወጥ ሆነባቸው። በመጨረሻ ሮማነወርቅ ስልኳን አውጥታ ጧይፍ ደወለች። ከወዲያ የድስት ክዳን ሲንኳኳ ተሰማ። ተግባባን እኮ፣ ጋሽ ዘለቀ፣ አለቻቸው። ምን ላይ ብለው አልጠየቁም። ብሥራትን አገናኝኝ አሉ። ብሥራት ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈ።

«ማዳም ዛሬ በምን ሄደች?» አሉት ዝግ ብለው።

«በሊሞዚን፣ ጋሼ።»

«የሚመጣውስ ዓርብ?»

ብሥራት ወደ ባዶው ወንበር አየ። ጋሽ ዘለቀ «ስፒከር ላይ አድርገው» አሉ። አደረገው።

«አልተግባባንም።»

ቡፊያዋ በአንድ ጊዜ ተነፈሰች። ሐሩን ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ፤ ተናድዶ ነው እንዳይባል ፊቱ በርቷል። ምን እንደወሰንን እንኳ አልሰሙም አላቸው። ስሰማውም አልግባባም አሉ። ሐሩን ለሁሉም ሻይ ደገመ። ጋሽ ዘለቀ ከዚያ በኋላ ስልኩ እስኪዘጋ ድረስ፣ ብሥራት ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ከታዩት አሰልጣኞች ሁሉ የከፋው መሆኑን አስረዱ። ብሥራት ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ሰማቸው። አውቀው ያደረጉለት ይሁን ተፈጥሮአቸው አስገድዷቸው፣ እስከ ዛሬ አልለየለትም። ብቻ እንዳይዘጉት ፈራ።

በማግስቱ ጧት ማዳም ከኋላ ወንበር ተቀምጣ በመስተዋቱ አየችው።

«ኸላስ?» አለች።

ብሥራት መሪውን ጨበጠ። አሰበ። ከዚያ በቀስታ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ ሰው ይመስል፣ በአማርኛ «አልተግባባንም» አላት።

ቅዳሜ ነበር።