ለንብ የሚራራው አስተማሪ

ለንብ እየራራ በሰው የሚጨክን ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አዳማ ላይ አጋጥሞኛል። ፈረንጅ አገር ተምሬያለሁ የሚል ሹም በባቡር መጣና ገበሬውን ሰብስቦ አዲስ የሳጥን ቀፎ አሳየን። «ንብ በእርጋታ ነው የምትያዘው፤ አትቆጧት!» አለን።

ሽማግሌው ኦቦ ገመቹ አማርኛው በደንብ ስላልገባቸው፣ «ጌታዬ፣ እስቲ ይድገሙልኝ» አሉት። «ደንቆሮ!» ብሎ ትከሻቸውን በከዘራው መታቸው።

ደሜ ፈላ፤ ዘልዬ ከዘራውን ነጠቅሁት። ኦቦ ገመቹ ግን፣ «ተወው ልጄ» ብለውኝ ወደ እሱ ዞሩ።

«ጌታዬ፣ እንደ ንቧ እንዲራሩልን ስንት ማር እንስጥዎት?»

ሽማግሌው መንገድ ሲጀምሩ ገበሬው ሁሉ ተነሥቶ ተከተላቸው። እኔም ከዘራውን ሰብሬ ከሹሙ እግር ሥር ጣልሁለት። ይኸው እስከ ዛሬ አልቆጨኝም።