ሽማግሌ የጫነች ፔጆ

ጤነኛ መኪና ያለው ወንድ ሚስት አያገኝም። አትሳቁ... እኔ ያገባሁት በመኪናዬ ሕመም ነው።

መኪናዬ ከአባቴ የወረስኳት፣ በዕድሜ የምትበልጠኝ ፔጆ ናት። ዕድሜዋን ስለማከብር ቀስ ብዬ ነው የምነዳት፤ እሷ ግን የኔን ወገብ አታከብርም። ባለፈው ዓመት የፊት እግሮቿ ጎሚኒ አለቀ። ጎሚኒ፣ መቼም ታውቁታላችሁ፣ ብረትና ብረት እንዳይፋጩ መሃላቸው የሚገባው ላስቲክ ነው። እሱ ሲያልቅ መኪናዋ ድንጋይ በረገጠች ቁጥር ቋ... ቋ... ትላለች፤ መሪው እጅ ላይ ይንቀጠቀጣል። የላስታ መንገድ ደግሞ ድንጋይ አይቸግረውም።

ለራሴ ቢሆን እችለው ነበር። ግን ወደ ወደድኳት ልጅ አገር፣ ወደ ገነተ ማርያም፣ ሽማግሌ መላክ ነበረብኝ። ከየሺ ጋር ተስማምተናል፤ የቀሩት አባቷ ጋሽ አራጋው ናቸው። እሳቸው ደግሞ ከሽማግሌ በማምለጥ አገር ያወቃቸው ሰው ናቸው። ሽማግሌዎች ይገባሉ፤ እንደ ወጉ "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ብለው ይቆማሉ። ገና አፋቸውን ሲከፍቱ ጋሽ አራጋው "ከብቶቼን ላስገባ" ብለው በጓሮ ይወጣሉ። እንደወጡ ይመሻል። ከኔ በፊት የሺን ያስጠየቁ ሁሉ በከብት ምክንያት ቀርተዋል።

የኔ ሽማግሌዎች መሪጌታ ይትባረክና ጎረቤቴ አቶ ሲሳይ ነበሩ። መሪጌታ አንዴ በዚችው ፔጆ ነአኩቶ ለአብ ገዳም ደርሰው ሲመለሱ "ልጄ፣ ሁለተኛ በእግሬ ብሄድ ይሻለኛል" ብለውኛል። ስለዚህ ሳላሠራት ሽማግሌ አላገኝም።

አንድ ቅዳሜ ገበያው አጠገብ ጋራዥ ያለው ጌቴ የሚባል መካኒክ ዘንድ ወሰድኳት። ሽማግሌዎቹም ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ጋራዡ ድረስ መጡ፤ እንደተሠራች ተነሥተን ጋሽ አራጋው ከገበያ ሲመለሱ ቤታቸው ልንጠብቃቸው።

ጌቴ አዲሱን ጎሚኒ አስገባና ከመኪናዋ ሥር ወዳለው የጋራዡ ጉድጓድ ወረደ። "ቡሎኑ የሚጠብቀው ሸክሟን ይዛ ስትቆም ነው" አለ። "ባዶዋን ካጠበቅኩት ላስቲኩ ተጠማዞ ይቀደዳል። በሉ ግቡባት።"

ገባን። ሽማግሌዎቹ ከኋላ፣ እኔ መሪው ላይ።

"ከፊት በቀኝ በኩል ይጎድላል" አለ ጌቴ ከሥር።

ይኼኔ ማን ብቅ ቢል ጥሩ ነው? ጋሽ አራጋው... ከገበያ የገዙትን ማረሻ ይዘው።

"መሪጌታ፣ ምነው እዚህ ተቀመጡ?"

"ሸክም ሆነን ነው።"

"አንድ ሰው ጎድሎን ነው ጋሼ" አለ ጌቴ። "እስቲ ለአፍታ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጡልን።"

ደግ ሰው ናቸው፤ ማረሻውን ታቅፈው ገቡ። በሩ እንደተዘጋ መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ጋሽ አራጋው፣ እግዜር ካገናኘን አይቀር... ልጅዎን የሺን ለልጃችን ፈልገን ነው።"

የጋሽ አራጋው እጅ ወደ በሩ ሄደ። "ከብቶቼን..."

"እንዳይነቃነቁ!" ጌቴ ጮኸ። "አሁን ከወረዱ ልፋቴ ገደል ገባ።"

"ሽማግሌ ተቀምጦ ሲጠይቅ አይቼ አላውቅም" አሉ ጋሽ አራጋው ተቆጥተው።

"እኛም እርስዎ ተቀምጠው ሲሰሙ አይተን አናውቅም" አሉ መሪጌታ።

"ለመሆኑ ልጁ ማን ነው?"

"ከጎንዎ ያለው።"

በወጉ አግቢው እዚያ አካባቢ ድርሽ አይልም። እኔ ግን መሪ ጨብጬ ክርን ለክርን ተቀምጫለሁ። በጣም ፈራሁ። እንቢ ቢሉ የሺን ምን እላታለሁ? በሩን ከፍቼ እንዳልሮጥ እኔም ሸክም ነኝ።

"አመል አለበት?" ጋሽ አራጋው ወደኔ ሳይዞሩ ጠየቁ።

"ይቺ መኪና ብቻ ናት" አሉ አቶ ሲሳይ።

ጋሽ አራጋው ማረሻውን ሲያገላብጡ ቆዩ። "አንተ ጌቴ፣ አልጠበቀም እንዴ?"

"እርስዎ እሺ ሲሉ ይጠብቃል ጋሼ።"

ጋሽ አራጋው ወንበሩ እስኪነቃነቅ ሳቁ። "የሺ ካለች እሺ ብያለሁ። አውጡኝ!"

ይኸው ተጋባን። ጎሚኒውም እስከ ዛሬ ድምፁን አላሰማም። አማቴ ግን ሊጠይቁን በመጡ ቁጥር ላድርስዎ ብዬ በሩን ስከፍትላቸው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ውጭ ይቆማሉ።

"ጉዳያችሁን ሳልሰማ አልቀመጥም" ይላሉ።