ጭንብል ለባሹን አፍቃሪ ለማወቅ ስለተቋቋመው ኮሚቴ

አበው «ጠርጥር፤ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር» ብለው ያወረሱን ትምህርት በዚህ ዘንጊ ዘመን ጠባቂ አጥቶ ሲንከራተት ኖሮ፣ በሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምሕረት በአርባ ምንጭ፣ ሴቻ ላይ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ማረፊያ አግኝቷል። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ በጎ ሥራ ስም አይሻምና። የሠራውን ግን ሳልጽፍ ባልፍ በትውልድ ፊት እወቀሳለሁ፤ ስንጥር ባይኖር እንኳ ገንፎው እስኪያልቅ ድረስ መፈለግ እንደሚቻል ያስተማረን እርሱ ነው።

የነገሩ መነሻ ይህ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ወይዘሪት ሮማነወርቅ ከቤቷ ያመጣችውን ምሳ በጠረጴዛዋ ላይ ከበላች በኋላ፣ እስከ ሥራ መግቢያ ሰዓት በኮምፒውተሯ አንድ ጌም መጫወት ለምዳ ነበር። ጌሙን በፍላሽ ያመጣችላት በዩኒቨርሲቲው የማታ ትምህርት አብራት የምትማር ጓደኛዋ ናት። አስፈሪም ነው፣ የፍቅርም ነው። ጭንብል ያጠለቀ ሰው ለተጫዋቿ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ይጽፍላታል፤ ይወድዳታል፤ ከመውደዱም የተነሣ መቆሚያ መቀመጫ ይነሣታል፤ ማን እንደሆነ ግን እስከ ፍጻሜው አይናገርም። ተጫዋቿ ገና ስትጀምር ስሟን ስለምታስገባ ደብዳቤው ሁሉ በስሟ ይደርሳታል። ለእንዲህ ያለ ከንቱ ነገር የምሳ ሰዓትን መስጠት አያስመሰግንም፤ እንቅልፍ እንኳ ይሻል ነበር። ይሁን እንጂ ከዚህ በኋላ ከሚነገረው ጋር ሲመዛዘን የእርሷ ጥፋት ከላባ አይከብድም።

አንድ ማክሰኞ የሥራ ሂደቱ ባለቤት አቶ ጉግሳ የሚተየብ ወረቀት ይዘው ወደ ጸሐፊዋ ክፍል ገቡ። አቶ ጉግሳ ከሰሜን መጥተው በዚህ አገር ሃያ ዓመት ያገለገሉ፣ ሳይጠረጥሩ የዋሉበት ቀን የሌላቸው ሰው ናቸው። ሮማነወርቅ እጇን ልትታጠብ ወጥታ ነበር። በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ አንድ ጭንብል፣ ከጭንብሉም ሥር ስሟን የያዘ ጽሑፍ አዩ። እንግሊዝኛው ስለራቃቸው የዕቅድ ባለሙያውን አቶ ጢሞቴዎስን አስጠሩ፤ ቀድሞ የእንግሊዝኛ መምህር ነበሩና።

አቶ ጢሞቴዎስ በዚያው ከሰዓት በኋላ ከኮምፒውተሩ ሰባት ደብዳቤዎችንና ጭንብል ለባሹ የሚኖርበትን ቤት ሥዕል አትመው አወጡ፤ ደብዳቤዎቹንም ተረጎሙ። የመጀመሪያው ደብዳቤ በእንግሊዝኛው «ዛሬም ቆንጆ ነሽ። ከሌላ ሰው ጋር ስትስቂ አይቻለሁ፤ ሁለተኛ እንዳትስቂ። ማን እንደሆንኩ አትጠይቂኝ» የሚል ብቻ ነበር። ነገር ግን አቶ ጢሞቴዎስ ቋንቋን ያለ ወጉ ራቁቱን አደባባይ ማውጣት የማይወድዱ ሰው ስለሆኑ እንደሚከተለው አለበሱት፦

«በዛሬው ዕለትም መልክሽ በተለመደው ደረጃ ላይ የሚገኝ መሆኑ ተረጋግጧል። ይሁን እንጂ ከሦስተኛ ወገን ጋር መሳቅሽ በተደረገው ክትትል የተደረሰበት ስለሆነ፣ ድርጊቱ እንዳይደገም በጥብቅ እናሳስባለን። ማንነታችንን በሚመለከት የሚቀርብ ጥያቄ ተቀባይነት የለውም።»

አቶ ጉግሳ አነበቡት፤ ደግመውም አነበቡት፤ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ጢሞቴዎስ፣ ይህ የውጭ ሰው አይደለም።»

«እንዴት አወቁ?»

«አጻጻፉ ይመሰክራል። ይህ የቢሮ ሰው ነው። ምናልባትም ደረጃ ያለው።»

አቶ ጢሞቴዎስ የአጻጻፉ ባለቤት ማን እንደሆነ ያውቁ ነበር። ነገር ግን ሥራቸው እንዲህ በአንድ ንባብ ሲከበር አይተው ስለማያውቁ ዝም አሉ።

ሮማነወርቅ ተጠርታ ቀረበች።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ጌም ነው» አለች።

«ጌም ከሆነ ስምሽን ማን ነገረው?»

«እኔ ነኛ። ሲጀመር ስም አስገቢ ይላል።»

አቶ ጉግሳ ወደ አቶ ጢሞቴዎስ ዞሩ። «ያዝ። ለማይታወቅ ግለሰብ ስሟን በፈቃዷ መስጠቷን አምናለች።»

«ግለሰብ የለም እኮ ጋሼ። ልክፈተውና ላሳያችሁ።»

«ማስረጃ በባለጉዳይ እጅ አይነካም፣ ልጄ። ያልታወቀ ሰው የለም ማለት አይደለም፤ አልታወቀም ማለት ነው።»

በዚህ ጥልቅ ቃል መሠረት ኮምፒውተሩ በወረቀት ተጠቅልሎ በማኅተም ታሸገ፤ ሮማነወርቅም ከመጋዘን በወጣ የጽሕፈት መኪና እንድትጽፍ ታዘዘች። «የአፍቃሪውን ማንነት የሚያጣራ ኮሚቴ»ም ተቋቋመ፤ ሰብሳቢ አቶ ጉግሳ፣ ጸሐፊ አቶ ጢሞቴዎስ፣ አባል የንብረት ክፍሉ አቶ አበጋዝ። ሰውየው በሦስት ሳምንት ውስጥ ካልታወቀም፣ ለራሷ ደኅንነት ሲባል ሮማነወርቅ ባጃጅ ወደማይወጣባት፣ ደጋ ላይ ወደምትገኝ ወረዳ እንድትዛወር ተወሰነ።

ልጅቱ ስድስት ዓመት በማታ ስትማር ቆይታ፣ ለመመረቅ የቀራት አንድ መንፈቅ ብቻ ነበር። ይህንን ስትናገር ኮሚቴው በጥሞና አዳመጣት፤ ከአጀንዳ ውጭ መሆኑንም በትሕትና ገለጸላት።

ኮሚቴው ሥራውን በቅጽ ጀመረ። ለአሥራ አንዱ ወንድ ሠራተኞች «ወ/ሪት ሮማነወርቅን ትወዳታለህ?» የሚል ጥያቄ ቀረበ፤ መልሱም «አዎ»፣ «አይደለም»፣ «በከፊል» በሚል ተከፈለ። ስምንቱ «በከፊል» አሉ። ሁለቱ ቅጹ ያልሰጣቸውን ሣጥን ራሳቸው ሠርተው «በቀጣይ ዓመት ዕቅድ ተይዟል» ብለው ሞሉ። የዘበኛው የዘካሪያስ ቅጽ ላይ ብቻ «አይደለም» ተብሎ ስለተገኘ፣ ኮሚቴው ይህን ያህል እርግጠኛ መሆን በራሱ እንደሚያጠራጥር መዝግቦ በጥብቅ ጠየቀው።

«ለምን አትወዳትም?» አሉት አቶ አበጋዝ።

«ሚስት አለኝ።»

«እሱ ምክንያት ነው?»

«ሚስቴን ስለማታውቋት ነው» አለ ዘካሪያስ። ኮሚቴው ይህን አጥጋቢ ሆኖ አገኘው።

ቀጥሎ ልጅቱ ሳታውቅ እንድትጠበቅ ተወሰነ፤ አፍቃሪው ሊቀርባት ሲል ለመያዝ ነው። ሦስቱም በየተራ ጠበቋት። የትጋታቸውን ምስክር ከቃለ ጉባኤው ጥቂት ልጥቀስ፦

«ሐሙስ፣ 2፡25። ከሲቀላ በባጃጅ መጣች። ሰማያዊ ቀሚስ። ትናንትም ሰማያዊ ነበር፤ ነገር ግን ሌላ ሰማያዊ።

4፡10። የላንቴ ሙዝ ላጠች። ግማሹን ለመዝገብ ቤቷ ወ/ሮ ሻሺቱ ሰጠች። ሳቀች። የሳቋ ምክንያት አልተረጋገጠም።

9፡00። በመስኮት ወደ ሐይቁ ተመለከተች። አራት ደቂቃ። ማንን እንዳሰበች በመጣራት ላይ ነው።»

እንዲህ ባለ ትጋት ዐሥራ አራት ገጽ ተጻፈ፤ ልጅቱ የምትዛወርበት ወረዳና ከአጀንዳ ውጭ የተባለው ትምህርቷም በመጨረሻው ገጽ ሰፈሩ። አፍቃሪው ግን አልቀረበም፤ ሦስት ሰው በሚቆምበት ቦታ አራተኛ መቆሚያ ማግኘቱም ያጠራጥራል።

በሁለተኛው ሳምንት አቶ አበጋዝ የታተመውን የቤት ሥዕል ሲመለከቱ አንድ ብርሃን በራላቸው። የሰውየው ቤት ረጅም፣ መስኮት የሌለው፣ ከመግቢያው በላይ እንደ ዝሆን አፍንጫ ወደ ፊት የወጣ ነው። «ይህማ የዶርዜ ቤት ነው» አሉ። ኮሚቴው በማግሥቱ መኪና ይዞ ጠመዝማዛውን አቀበት ወጣ።

ዶርዜ ላይ ከቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው የሚሸምኑ ኤርጫፎ የሚባሉ ሽማግሌ አገኙ። የአፍ መፍቻቸው ጋሞኛ ነው፤ አማርኛቸው አንዳንዴ ሴቱን ወንድ ያደርጋል፤ ነገሩን ግን አይስትም። ሥዕሉን ተቀብለው ከርቀትም ከቅርብም አዩት።

«ይቺ ቤት ሰው አይኖርበትም» አሉ።

«በምን አወቁ አባት?» አሉ አቶ ጉግሳ።

«ጭስ የለውም። የኛ ቤት ሰው ካለ ጣሪያው ይጨሳል። ደግሞ ከሥሩ ምስጥ አልነካውም፤ የኛ ቤት ዕድሜ ሲያገኝ ያጥራል። ይሄ ዕድሜ የለውም። ቤት አይደለም፤ ሥዕል ነው።»

አቶ ጢሞቴዎስ «ተጠርጣሪው ኮሚቴው ከመድረሱ በፊት ቤቱን ለቆ ሄዷል» ብለው ጻፉ።

ሽማግሌው መወርወሪያቸውን አስቀመጡ። «ምን አድርጎ ነው ሰውዬው?»

«አንዲት ልጅ ይወዳል። ስትገባ ስትወጣ ያያታል። ምን እንደለበሰች፣ ከማን ጋር እንደሳቀች ይጽፋል። ማን እንደሆነ አይናገርም።»

«እናንተስ ለልጅቱ ምኗ ናችሁ? አጎት?»

«ኮሚቴ ነን።»

«ኮሚቴ በእናት ነው በአባት?»

«የመንግሥት ሠራተኞች ነን፣ አባት። ስትገባ ስትወጣ እንጠብቃታለን።»

«ምን እንደለበሰችም ታያላችሁ?»

«እንዴታ፣ እንጽፋለን።»

«ልጅቱ ታውቃለች?»

«አታውቅም። ምስጢር ነው።»

ኤርጫፎ ሦስቱን አንድ በአንድ ተመለከቷቸው፤ ሥዕሉንም መለሱላቸው። «እንግዲህ ተገኝቷል» ብለው ወደ ሸማቸው ተመለሱ።

አቶ ጉግሳ በመንገድ ላይ የሽማግሌውን ቃል ሲያሰላስሉ ቆዩ። በመጨረሻም የገጠሩ ሕዝብ የኮሚቴን አሠራር ገና እንዳልተረዳና ሥልጠና እንደሚያስፈልገው ተናገሩ።

ሦስቱ ሳምንት ሞላ። ሰውየው ስላልታወቀ የሮማነወርቅ ዝውውር እንዲጸድቅ የሰባቱ ደብዳቤዎች ትርጉምና ዐሥራ አራቱ ገጾች በአንድ ፖስታ ለበላይ አካል እንዲላኩ ተወሰነ። የመዝገብ ቤቷ ወይዘሮ ሻሺቱ ወረቀቶቹን ተቀበለች። ሻሺቱ ያለ ሥርዓት የገባም የወጣም ወረቀት አታውቅም።

«ጋሼ ጉግሳ፣ ሸኚ ደብዳቤው የታለ?»

«ጉዳዩ ምስጢር ስለሆነ ሸኚ አይኖረውም።»

«ራስጌስ? ይሄ ሁሉ ወረቀት የመሥሪያ ቤት ስም የለበትም።»

«አልኩሽ እኮ፤ ምስጢር ነው።»

«ታዲያ ከማን እንደተጻፈ በምን ያውቃሉ?»

አቶ ጉግሳ በዐሥራ አራቱ ገጾች ግርጌ ያሉትን የኮሚቴውን ሦስት ፊርማዎች በጣታቸው አመለከቱ። «ከፊርማው።»

«እንግዲያው እርስዎ እንዳሉ» አለች ሻሺቱ። ገጾቹን አስተካክላ፣ ሰባቱን ከላይ ዐሥራ አራቱን ከታች አድርጋ ፖስታውን አሸገች። ሮማነወርቅ በዚያ ቀን ዕቃዋን በካርቶን ማሰር ጀምራ ነበር፤ የማታ ትምህርት ክፍሉንም ማቋረጫ ቅጽ ጠይቃ መጥታለች።

መልሱ በዘጠነኛው ቀን መጣ። አቶ ጉግሳ ፖስታውን ሳይከፍቱ ሠራተኛውን ሁሉ አዳራሽ ሰብስበው፣ ስለ ንቃትና ስለ ኃላፊነት ሩብ ሰዓት ከተናገሩ በኋላ፣ ለሁሉ ትምህርት እንዲሆን አቶ ጢሞቴዎስ ደብዳቤውን ከፍ ባለ ድምፅ እንዲያነቡት አዘዙ። አቶ ጢሞቴዎስ ጉሮሯቸውን ጠርገው አነበቡ፦

«ስለ ወ/ሪት ሮማነወርቅ የተላከልንን ሃያ አንድ ገጽ መርምረናል። የሁሉም አጻጻፍ የአንድ እጅ ሥራ መሆኑ በግልጽ ይታያል። በመጀመሪያዎቹ ሰባት ገጾች ጸሐፊው ማንነቱን ቢደብቅም፣ በቀሪዎቹ ዐሥራ አራት ገጾች ልጅቱ የለበሰችውን፣ የበላችውን፣ የሳቀችውንና በመስኮት ያየችውን በሰዓት መዝግቦ፣ በየገጹ ፈርሟል። እንዲህ ያለ አፍቃሪ በራሱ ፊርማ ሲጋለጥ በመሥሪያ ቤታችን ታሪክ የመጀመሪያው ነው። አፍቃሪው አንድ ሳይሆን ሦስት መሆኑን ስንረዳ...»

እዚህ ላይ ድምፃቸው ቆመ።

«ቀጥል እንጂ» አሉ አቶ ጉግሳ።

«ጋሼ፣ በኋላ ቢነበብ...»

«ለሁሉ ትምህርት እንዲሆን ብያለሁ።»

አቶ ጢሞቴዎስ ቀጠሉ። «...ሦስት መሆኑን ስንረዳ አዝነናል። ስለዚህ አቶ ጉግሳ፣ አቶ ጢሞቴዎስና አቶ አበጋዝ፣ ለልጅቱ ደኅንነት ሲባል፣ ለእርሷ ወደታሰበው ወረዳ እንዲዛወሩ፤ ወይዘሪት ሮማነወርቅም በቦታዋ ረግታ ትምህርቷን እንድትቀጥል ተወስኗል።»

ከኋላ ወንበር ዘካሪያስ «እኔ አይደለም ብዬ ሞልቻለሁ» ሲል ተሰማ።

ሦስቱ ወዲያው ማስተባበያ ጻፉ፤ ሰባቱ ደብዳቤዎች ከጌም የተገኙ ናቸው ብለው፣ ኮምፒውተሩንም አስፈትተው፣ ሮማነወርቅ በመጀመሪያው ቀን የሰጠችውን ቃል ሁሉ በምስክርነት ጠቀሱ። መልሱ አጭር ነበር፦ «ጌም ከነበረ ሦስት ሳምንት ምን ስትሠሩ ነበር?» ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚያዘጋጅ ንዑስ ኮሚቴ ቢቋቋምም ምልዓተ ጉባኤ አልተሟላም።

በመጨረሻው ቀን አቶ ጉግሳ በሮማነወርቅ ጠረጴዛ ፊት ቆመው የዝውውር ደብዳቤያቸውን ስትተይብ ጠበቁ።

«ልጄ፣ ፊደል እንዳትገድፊ።»

«አልገድፍም ጋሼ።»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያ ሰውዬስ... ጭንብል ያጠለቀው። ማን ሆኖ ተገኘ?»

«አላወቅሁም።»

«ኮምፒውተሩ ከተፈታ ሁለት ሳምንት አለፈው እኮ።»

«ከፍቼው ነበር። ሦስት ቀን ሞከርኩት፣ ሰለቸኝና አጠፋሁት» አለች ዓይኗን ከጽሑፉ ሳታነሣ። «አየሁሽ ይላል እንጂ ሰዓቱን አይጽፍም። ሁለት ሰማያዊ ቀሚስ እንዳለኝ አያውቅም። ከእናንተ በኋላ ጋሼ፣ እሱ ምኑም አያስፈራም።»

ደብዳቤውን አወጣችና በሁለት እጇ አቀረበችላቸው። አቶ ጉግሳ ከመቀበላቸው በፊት ከላዩ ጀምረው ተመለከቱት።

ራስጌ ነበረው።