የጠረጠረ «እርስዎ» ይበል

ሰውን የሚያጠፋው አለማወቅ ነው የሚሉ ሰዎች አስተማሪ ገጥሟቸው አያውቅም። አላዋቂ ቢበዛ ራሱን ነው የሚያሳስተው። አስተማሪ ግን ስህተቱን ሰሌዳ ላይ ጽፎ፣ ከሥሩ አስምሮ፣ «ገባችሁ?» ብሎ አረጋግጦ ነው የሚያሳስተው። ይህን የምለው የሙያ ባልደረቦቼን ለማማት አይደለም... ራሴን ለማማት ነው። ሐሜት ከራስ ሲጀምር ያምራል።

እኔ ልደታ ውስጥ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ድረስ እያለከለክሁ ወጥቼ አንድ ፊንላንዳዊ ሚስዮናዊ አስተምራለሁ። ስሙ ፔካ ይባላል፤ «ካ» ይጠብቃል። ፂሙ የሸበተ፣ ቁመቱ ከየበሩ ጉበን ጋር የሚያጣላው ሰው ነው። ከተክለ ሃይማኖት ዝቅ ብሎ ባለች አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ያገለግላል። ሕመምተኛ ይጠይቃል፣ ለቅሶ ይደርሳል፣ እሑድ እሑድ ይሰብካል። እኔ እንኳ የልደታ ማርያም ልጅ ነኝ፤ ከእሱ ጋር ሲያዩኝ የሰፈሬ ልጆች «ጀለስ፣ መቼ ነው የሚያጠምቅህ?» እያሉ ያበሽቁኛል። እስካሁን አጥማቂው እኔ ነኝ... በሰዋስው።

ፔካ አንድ ትልቅ ምኞት ነበረው፤ ያለ አስተርጓሚ መናገር። አስተርጓሚው ታምራት የሚባል ወጣት ነው። ፔካ በእንግሊዝኛ «ጌታ መልካም ነው» ብሎ ዝም ሲል፣ ታምራት ይነሣና ላብ እስኪያጠምቀው ተርጉሞ፣ የፊተኛውን ወንበር በሙሉ አስለቅሶ ይቀመጣል። ፔካም «ይህን ሁሉ ያልኩት እኔ ነኝ?» እያለ በግርምት ያየዋል። አንድ ቅዳሜ ታዲያ ትክዝ ብሎ አገኘሁት። ምን እንደሆነ ስጠይቀው በሰባራ አማርኛው እንዲህ አለኝ፦

«መምህር፣ ሆስፒታል እሄዳለሁ፣ ሕመምተኛ አጽናናለሁ። ሕመምተኛው ግን የሚያቅፈው ታምራትን ነው።»

አንጀቴን በላው። ይህን ሰው በገዛ አፉ ሳላናግረው እንቅልፍ አይወስደኝም ብዬ ቆርጬ ተነሣሁ።

እዚህ ላይ ትንሽ ላብራራ፤ ሳላብራራ ማለፍ ያመኛል። ለውጭ አገር ሰው ከባዱ የአማርኛ ነገር ማጥበቅና ማላላት ነው ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ለፔካ ግን ቀልድ ነው፤ የእነሱም ቋንቋ ያጠብቃል፣ ያላላል። ገናን በዓሉን «ገና ነው» ከሚለው ገና ጋር አንድም ቀን አምታቶ አያውቅም። የእሱ ጣጣ ሌላ ነው። በፊንላንድ ቋንቋ «እሱ» እና «እሷ» አንድ ቃል ናቸው፤ «አንተ» እና «አንቺ»ም እንደዚያው። ስለዚህ ፔካ አማርኛ ሲናገር ወንድና ሴቱን የሚመርጠው በዕጣ ነበር። እኛ ቤት «አንተ ትብስ፣ አንቺ ትብሽ» የመቻቻል ምልክት ነው፤ ፔካ ዘንድ የሰዋስው ችግር ነው።

ዕጣው አንድ እሑድ ጠዋት ክፉኛ ወጣበት። በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ የሽማግሌዎቹን ሰብሳቢ አቶ ደምሴን አገኛቸው። አቶ ደምሴ በጡረታ የተገለሉ የመቶ አለቃ ናቸው፤ ሲያስነጥሱ እንኳ በአካባቢው ያለ ሰው ተስተካክሎ ይቆማል። ፔካ ጎንበስ ብሎ፣ በሁለት እጁ ጨብጦ፣ በሙሉ ፍቅር «አቶ ደምሴ፣ እንደምን አደርሽ?» አላቸው።

ከዚያ ቀን በኋላ የሰፈሩ አራዶች እሳቸውን ባዩ ቁጥር በሳል እየታፈኑ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ ጀመር። አቶ ደምሴም ውሳኔያቸውን አሳወቁ፤ ይህ ሰው ያለ ታምራት አፉን እንዳይከፍት።

ቅዳሜ መፍትሔውን ይዤ ደረስኩ። መቼም መፍትሔ አጥቼ አላውቅም፤ ችግሬም እሱ ነው። ግድግዳው ላይ በሰቀልናት ትንሽ ነጭ ሰሌዳ «የጠረጠረ እርስዎ ይበል» ብዬ በትልቁ ጻፍኩና አሰመርኩበት። «እርስዎ» ወንድ የለው፣ ሴት የለው፤ ከአማርኛ ቃላት ሁሉ እንደ እሱ ሰላማዊ የለም።

«ስማ ፔካ» አልኩት። «አንተ ወንድና ሴት ይምታታብሃል። ስለዚህ ማንንም ስታናግር ‹እርስዎ› በል። ስትጠይቅ ‹እባክዎ› ጨምርበት፣ ስትጨርስ አመስግን። በአክብሮት የተጣላ የለም።»

«እርስዎ እንዳሉ፣ መምህር» አለኝ።

ወዲያው በእኔ ላይ መለማመዱ ነው። አባቴ የሚሆን ሰው «እርስዎ» ሲለኝ ደረቴ ሁለት ጣት ያህል ሰፋ። ለካ አንቱ የተባለ መምህር የሚባለው እንዲህ ነው አልኩ በልቤ።

ሕጉ እንደ ክኒን ሠራ። ፔካ ሜክሲኮ ላይ የታክሲውን ረዳት «እባክዎ፣ ትንሽ ይጠጉልኝ» ቢለው፣ በሕይወቱ እንዲህ ተብሎ የማያውቀው ወያላ የጋቢናውን በር ከፍቶ አስቀመጠው። የኮንዶሚኒየሙ ጥበቃ ውሻ ሲጮህበት ደግሞ «እባክዎ ይሂዱ፣ አመሰግናለሁ» አለው። ውሻው ግራ ተጋብቶ ሄደ። ጥበቃው ግን ቅር ሳይለው አልቀረም፤ «እኔን እንኳ ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅ» ሲል ሰምቼዋለሁ።

በመጨረሻ አቶ ደምሴም «እንደምን አደሩ?» ተባሉና ግንባራቸው ተፈታ። ሆኖም ወታደር ያለ ፈተና ማዕረግ አይሰጥም። እሑድ ፔካ የመዝጊያውን ጸሎት በአማርኛ ይጸልያል፤ ጉባኤው ያለ ታምራት ከገባው፣ ከዚያ በኋላ ለብቻው ይሰብካል፤ ካልገባው ግን አገሩ እስኪመለስ ድረስ ከታምራት ጋር ይኖራል። ውሉ ይኸው ነው።

እኔም የእጄን ሥራ ለማየት ሄጄ ከኋላ ተቀመጥኩ። ስሜት እንዳይታይብኝ እግሬን አነባበርኩ። ፔካ ተነሣ፣ ወረቀት አልያዘም፣ ዓይኑን ጨፈነ።

«ሰማያዊ አባታችን ሆይ» አለ። «እርስዎ ታላቅ ነዎት።»

ሊወጣ የነበረው «አሜን» በየጉሮሮው ቆመ። እኔ እግሬን መልሼ አወረድኩ።

«ሰማይንና ምድርን ፈጥረዋል። እባክዎ፣ ኃጢአታችንን ይቅር ይበሉን። ጊዜዎን ስለሰጡን እናመሰግናለን።»

አጠገቤ የተቀመጡ እናት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ ይህ ሰው ወረዳ ጉዳይ ሊያስፈጽም ነው እንዴ የመጣው ብለው ጠየቁኝ። እግዚአብሔርን «አንተ» እንደምንለው ማስተማር መርሳቴ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። እርግጥ ነው፣ ማንንም ስታናግር ብያለሁ። «ከፈጣሪ በቀር» አላልኩም! ይህን እያሰብኩ ሳለ ፔካ ድምፁን ከፍ አደረገ፣ ክንዱን ዘረጋ። ጸሎቱ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ገባኝና ወንበሬን ጨበጥኩ። ምክንያቱም «ከፈጣሪ በቀር» ብቻ አይደለም ያላልኩት...

«ሰይጣን ሆይ» አለ ፔካ በግርማ። «በኢየሱስ ስም፣ ከዚህ ቤት... እባክዎ ይውጡ። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን።»

ቀድሞ መታገሥ ያቃተው ታምራት ነው። የልማድ ነገር ሆኖበት ብድግ አለና «ሰይጣን! አንተ! ውጣ ነው የሚለው! ጥፋ ነው የሚለው!» ብሎ አማርኛውን ወደ አማርኛ ተረጎመው።

ያን ጊዜ ቤቱ ፈረሰ። የሣቀ ሣቀ፣ ከወንበር የወረደ ወረደ፤ አጠገቤ ያሉት እናት በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍነው ይንቀጠቀጣሉ። ፔካ ዓይኑን ገለጠ። ምን እንዳጠፋ ባያውቅም፣ ከሆስፒታሉ አልጋ አጠገብ ታምራት ታቅፎ እሱ ቆሞ ሲያይ የሚኖርባቸው ዓመታት ፊቱ ላይ ታዩኝ። እኔ በወንበሩ ሥር ማለፊያ እፈልግ ጀመር።

አቶ ደምሴ ተነሡ። ሣቁ በአንድ ጊዜ ቆመ።

«ታምራት፣ ተቀመጥ» አሉ። «ማን ተርጉም አለህ?»

ታምራት ተቀመጠ። አቶ ደምሴ ወደ ጉባኤው ዞሩ።

«እኔን ‹አንቺ› ያለ ሰው ሰይጣንን ‹እርስዎ› ሲል ሰማችሁ። ይሁን። ይህን ሁሉ ዓመት በስድብ ስናባርረው አልወጣም፤ በክብር ሲለመን ምናልባት ያፍር ይሆናል። አሁን የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ያልገባው ሰው አለ?»

እጁን ያወጣ አልነበረም።

«እንግዲያው ከመጪው እሑድ ጀምሮ ይስበክ» አሉ። ከዚያ አንገታቸውን አስግገው እኔን ከኋላ ፈለጉኝ። «ለአስተማሪው ግን ቆመን እንጸልይ።»

ጸለዩልኝ። ሰፈር ከመድረሴ በፊት ወሬው ደርሶ ኖሮ፣ ልጆቹ «እርስዎ ጀለስ!» ብለው ተቀበሉኝ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ጥፋቴን በሥርዓት ላርም ገባሁ። ፔካ ፊቱ ያበራል። በሳምንቱ መካከል ለብቻው ሆስፒታል ሄዶ አንዲት አሮጊት እንዳጽናና፣ እሷም... ይቅርታ፣ እሳቸውም አንገቱ ላይ ተጠምጥመው እንዳለቀሱ ነገረኝ። የተናገራቸው «አይዞዎት» የሚለውን ቃል ብቻ ነው። እኔም በሙሉ ልብ ወደ ማብራሪያዬ ገባሁ።

«እግዚአብሔርን ‹አንተ› የምንለው በጣም ቅርባችን ስለሆነ ነው» አልኩት።

«ሰይጣንንስ?»

«እሱን ስለምንንቀው ነው።»

ፔካ ሁለቱን መልሶች ደጋግሞ በከንፈሩ አላመጣቸው። ከዚያ ሸበቶ ፂሙን እየዳበሰ፣ በዚያ ክፋት በማያውቀው ሰማያዊ ዓይኑ ትክ ብሎ አየኝ።

«መምህር» አለ። «እርስዎ በዕድሜ ልጄ ነዎት። እኔን ‹አንተ› የሚሉኝ በየትኛው ነው?»

ከወያላው እስከ ሚኒስትሩ ከተማው ሁሉ ፈረንጅን «አንተ» እንደሚል ልነግረው አሰብኩ፤ ግን ያ ከሁለቱ በየትኛው እንደሚመደብ እኔም ተጠራጠርኩ። የተጠራጠረ ሰው ምን ማለት እንዳለበት ደግሞ ከራሴ በላይ፣ ሰሌዳው ላይ፣ በገዛ እጄ ጽሑፍ ተሰምሮበት ተቀምጧል።

«ጋሽ ፔካ» አልኳቸው፣ «ለዛሬ እዚህ ላይ ቢያሰናብቱኝስ?»