የሻምበል የኋላ እግር

ሰው መኪናን የሚያውቀው በፊቱ ነው አይደል? እኔም እንደዚያው ነበርኩ። መተማ ዮሐንስ ተወልጄ ሰሊጥ ስዘራና ስሸጥ ያረጀሁ ሴት ነኝ። ግንባሩ ላይ የእንግሊዝ ፊደል የተደረደረበት፣ አፍንጫው የረዘመ፣ ሁለት ዓይኑ የፈጠጠ ሎሪ ሲመጣ ካየሁ ቤድፎርድ ነው፤ አልሳሳትም። እንግሊዞቹ ሠርተው ወደ ሱዳን ሰደዱት። ሱዳኖቹ የእንጨት ሣጥን ጭነው፣ ቀለም ቀብተው ወደ እኛ ሰደዱት። ዛሬ በከተማችን የቀሩት ጥቂት ናቸው፤ እነሱም የሚሄዱት በነዳጅ ሳይሆን በባለቤቶቻቸው ግትርነት ነው።

ግን ቤድፎርድ ነው በማለት ብቻ ነገሩ አያልቅም። ጄ አምስት አለ፣ ጄ ስድስት አለ። ከውጭ ሲታዩ መንትያ ናቸው፤ ልዩነታቸው ሆድ ዕቃቸው ላይ ነው። ታዲያ አንቺን ምን አገባሽ ትሉኝ ይሆናል። እኔም እስካለፈው መኸር ድረስ ምን አገባኝ እያልኩ ነበር የኖርኩት።

ሟቹ ባለቤቴ አያሌው ትቶልኝ የሄደ አረንጓዴ ቤድፎርድ አለኝ። ሲቆም ደረቱን ነፍቶ ስለሆነ ሰዉ “ሻምበል” ይለዋል። ሰሊጤ ተራግፎ፣ ጆንያ ገብቶ፣ ከወንዙ ማዶ ሜዳ ላይ ተከምሮ ሳለ ሻምበል ሊያመጣው ተነሣ። ከከተማው ሳይወጣ ከኋላው “ቋ!” አለና ቆመ። የኋላ ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ ተሰብሯል። ገፍተን ግቢ አስገባነው። በዚያው ሰሞን ደግሞ ያለ ወቅቱ ደመና መጣ።

የዓመት ልፋቴ አንድ ሸራ ሥር ተቀምጧል። ዝናብ የነካው ሰሊጥ ይጠቁራል፤ ነጋዴ ዞር ብሎ አያየውም። ሌላ መኪና ተከራዪ አሉኝ። ዘመናዊዎቹ ሆዳቸው ለመሬት የቀረበ ነው፤ የወንዛችን ድንጋይ ደግሞ እንግዳ አይወድም። ከጎጃም የመጡት ሠራተኞቼ እንኳ ጥለውኝ መሄድ አሳፍሯቸው ክምሩ ሥር ተጋድመው ሰማዩን ያያሉ። ፈራሁ፤ ለምን እዋሻለሁ?

ጎረቤቴ ሐጅ ኑሩ ሱቅ አላቸው። ልጃቸው ኢድሪስ ከድንበሩ ማዶ፣ ሱዳን ገላባት ላይ ይነግዳል። ስልክ አስደወልኳቸው። ዘንጉ ገዳሪፍ አንድ ሻጭ ጋ ተገኘ። በሱዳን ጦርነት ምክንያት ዕቃ እንደ ልብ አይመላለስም፤ ነገ ጠዋት ግን አንድ ሰው ወደ ድንበሩ ይመጣል፣ አንድ ዘንግ ይዞ ይመጣል፣ መመለስ ብሎ ነገር የለም። እና ኢድሪስ ጠየቀ፦ አምስት ነው ስድስት?

“የተሰበረውን ዘንግ ጥርስ ቆጥሬ ልንገረው” አልኩ።

“ያ ዘርፌ፣ ሻጩ ጥርስ አይቆጥርም” አሉ ሐጅ፣ እንደ ሱዳኖቹ ጠርተውኝ። “ዕቃውን በግሪስ ወረቀት ጠቅልሎ ለማንም አይፈታ። የመኪናውን ስም ጥሪና ውሰጅ ነው የሚል።”

“እሽ፣ ሳይመሽ ስሙን አመጣዋለሁ” አልኳቸው። እኔ ካልኩ አልኩ ነው። አያሌው ነፍሱን ይማረውና፣ ዘርፌን ከሐሳቧ የሚያነሣ ክሪክ ገና አልተሠራም ይል ነበር።

ሹፌሬ አበጀ ገና ሳልጠይቀው “ስድስት ነው!” አለ። ፊቱን አላየሽም እንዴ፣ ይህ የስድስት ፊት ነው አለኝ። ፊቱንማ አየሁት። ግን ያ ፊት የሻምበል ፊት አይደለም፤ የራሱን ፊት በሬ ገጭቶ ካጣ በኋላ ቆርቆሮ ቀጥቃጩ ከሌላ አምጥቶ የገጠመለት ነው። አበጀ አላፈረም። ካቢናው ውስጥ ዓይነቱ የተጻፈባት ሰሌዳ አለች ብሎ ቀለሙን በቢላ ፋቀው። ስድስት! እንደ ሠርግ ቤት እልል አለ። እልልታውን ሳይጨርስ ካቢናውም ከተገለበጠ ሎሪ የተገዛ መሆኑ ትዝ አለኝ። ሞተሩስ? ሞተሩ ሳንጃ ከተማ ወፍጮ ቤት እህል ሲፈጭ ነው የኖረው፤ እሱን ብጠይቀው ስለ ዱቄት ነው የሚነግረኝ። የጎማ ዳዶ ቆጠርን፤ የሁለቱም ዓይነት እኩል ነው። ሊብሬውን ገለጥኩ፤ “የጭነት፣ አረንጓዴ” ይላል። ይህንንማ ፍየሎቼም ያውቃሉ።

አትፍረዱብን። በእኛ ቆላ መንገድ ላይ የቆመን መኪና አልፎ መሄድ ነውር ነው። ያለህን ፈትተህ ትሰጣለህ፤ ስትቆም ደግሞ ሌላው ፈትቶ ይሰጥሃል። የተሰጠው ይመለሳል ይባላል፤ ማን ይመልሳል? እንዲህ እየተሰጣጡ ስንት ዘመን የኖሩ ሎሪዎችን “ዓይነትህ ምንድን ነው?” ብሎ መጠየቅ አስቸጋሪ ነው።

ሐጅ ግን ያለ ምንም ምርመራ “አምስት ነው” አሉ። ለምን? “አምስት ነው አልኩሽ፣ ወላሂ!” ከዚህ ሌላ ቃል የለም። አበጀ ስድስት፣ ሐጅ አምስት፤ ሱቁ በር ላይ ተኮራረፉ። ደመናው ደግሞ ወደ እኛ ዝቅ እያለ ነው።

ስለ ሐጅ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከሱቃቸው ጀርባ የቆመች ሰማያዊ ቤድፎርድ አለቻቸው፤ ስሟ “ዓሩሳ” ነው፣ በሱዳኖቹ ሙሽራ ማለት ነው። መሄድ ካቆመች ቆይታለች፤ ዶሮዎች ያድሩባታል። ሐጅ ግን መስታወቷን በየጊዜው ይወለውላሉ። እንዳለች ያለች ጄ አምስት ናት፣ ባዕድ ብረት አልነካትም እያሉ ላለፈ ላገደመው ይናገራሉ። ከተማው ውስጥ ይህን ያልሰማ ካለ ትናንት የመጣ ነው።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሐጅ ፊት ቆምኩ። ምክንያቱን ካልነገሩኝ በአበጀ ስድስት ነው የምሄድ፣ ሰሊጤም ከበሰበሰ በእርስዎ ዝምታ በሰበሰ አልኳቸው። ከአፌ ሲወጣ እኔንም አስደነገጠኝ፤ አልመለስኩትም ግን። ሐጅ ከዘራቸውን አንሥተው ወደ ጀርባ ሄዱ፣ ተከተልኳቸው። ዶሮዎቹን አባረሩና “ዝቅ በይ” አሉኝ። ዓሩሳ ሥር ገባሁ። በከዘራቸው ጫፍ ከኋላ እግሯ ላይ ኩሱንና አቧራውን ፋቁት።

አረንጓዴ ነው። ያን አረንጓዴ አውቀዋለሁ፤ ከአያሌው ጋር ስንደባልቀው ቢጫውን ያበዛሁት እኔ ነኝ።

ሐጅ ቆመው፣ እኔ መሬት ላይ ሆኜ ነገሩኝ። ባለቤታቸው ምጥ ይዟት በዓሩሳ ወደ ሐኪም ቤት ሲጣደፉ የኋላ እግሯ ከነዘንጉ ከነጥርሱ ተሰበረ። እዚያው መንገድ ላይ አያሌው ሞተሩ የሞተበትን ሻምበልን ይዞ ቆሟል። አንዱ መኪና ጉልበት አለው እግር የለው፣ ሌላው እግር አለው ጉልበት የለው። አያሌው ምንም ሳይል ክሪኩን አወጣ። የሻምበልን የኋላ እግር ከነምኑ ለዓሩሳ ገጠሙ። እሷ ሄደች፤ አያሌው ከተሰበረው ጋር ጫካ ውስጥ ቀረ። በኋላ ያንኑ አስጠግኖ ሻምበል ላይ ገጠመው። ያን ቀን የተወለደው ኢድሪስ ነው።

“እንዳይናገር ለመኑት?” አልኳቸው።

“አልለመንኩትም። ስለ ዓሩሳ ስፎክር እየሰማ ራሱ ዝም አለኝ” አሉ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

አያሌው ለእኔ ሞተር ተበላሽቶብኝ ጫካ አደርኩ ብሎኝ ነበር። እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ጠርጥሬ ስንት ቀን አኩርፌዋለሁ! ቤቴ ሮጥኩ፣ ሻምበል ሥር ገብቼ የኋላ እግሩን በቢላ ፋቅኩት። ሰማያዊ! የጄ አምስቷ የዓሩሳ እግር! ሁላችን ፊት ፊቱን ስናይ እንኖራለን እንጂ ማን ዝቅ ብሎ አየ?

“አምስት!” ብዬ ወደ ሐጅ ጮህኩ፤ ኢድሪስ ገላባት ሆኖ ያለ ስልክ የሰማኝ መሰለኝ። ጠዋት ዘንጉ መጣ፣ ልክክ ብሎ ገባ። አበጀ እየገጠመም “ለማንኛውም ስድስት ነው” ይል ነበር። ሻምበል ወንዙን ተሻገረ፣ ጆንያዬን ጭኖ ተመለሰ። የመጨረሻው ጆንያ መጋዘን ሲገባ ጣሪያው ላይ ጠብ ጠብ አለ። ጎጃሞቹ ሳቁ፣ እኔ አለቀስኩ።

በቅርቡ አንድ የአሮጌ መኪና ወዳጅ ዓሩሳን ሊያይ ከጎንደር መጣ። ሐጅ እንደ ልማዳቸው “ባዕድ ብረት አልነካትም” ብለው ጀመሩና እኔን ሲያዩ ምላሳቸው ተሳሰረ።

“እውነታቸውን ነው፣ ባዕድ አልነካትም” አልኩ።

ሰውየው ብልህ ነበር፤ ዝቅ ብሎ ሥሯን አየ። “ታዲያ ይህ አረንጓዴው ምንድን ነው?” አለ።

“እሱማ” አልኩት፣ “አያሌው ነው።”