ከጉልበቴ የተላጠው ቅርፊት

ሰው ዓይኑ ሥር ያለውን ትቶ የማይታየውን ፍለጋ ባሕር ይሻገራል። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ደጃፋችሁ የቆመውን መከራ እንኳ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ካልመሰከረለት አታምኑትም። አልፈርድባችሁም። እኔ ራሴ እንግዳ ሲመጣ ከበር ጀርባ የምቆም ነኝ።

እህቴ ጥሩወርቅ ከሞጣ ገበያ በተመለሰች በሁለተኛው ሳምንት ገላዋን ሽፍታ ወረሰው። ለክትባት ሥራ ቢቸና የተመደቡት አቶ ከድር፣ «ፈንጣጣ ነው፤ ቤተሰቡ ዛሬውኑ ይከተብ» አሉ። አባቴ የቅኔ መምህር ናቸው፤ በዋዛ አይረቱም።

«ጉድፍ ቢሆንስ? ሳያዩ ማመን ለሃይማኖት ነው፤ ለመርፌ አይደለም።»

«ይታያል እንጂ፣ መሪጌታ! የክሊኒካችን ማይክሮስኮፕ አቅሙ እስከ ባክቴሪያ ነው። ባሕር ማዶ ግን በብርሃን ፋንታ በኤሌክትሮን የሚያይ አለ። ከቅርፊቷ ትንሽ ብንልክ ቫይረሱን ያወጣዋል። የፈንጣጣው ጡብ ይመስላል።»

«እንግዲያስ ጡቡ ይምጣ፤ ያን ጊዜ እንከተባለን።»

እናቴ እንግዳ ወንድ የልጅቷን ገላ እንዲነካ አልፈቀደችምና አቶ ከድር የቅርፊት መያዣዋን ጠርሙስ ለእኔ ሰጡኝ። ጥሩወርቅ ገና ጣቴን ስታይ አለቀሰች። አሳዘነችኝ። አልቻልኩም ብዬ ለእንግዳ መናገር ደግሞ አፈርኩ። ውሃ ስቀዳ ወድቄ ጉልበቴ ላይ የደረቀ ቁስል ነበረኝ፤ እሱን ልጬ ከተትኩ። ቅርፊት ቅርፊት ነው አልኩ።

ከብዙ ሳምንት በኋላ ወረቀቱ መጣ፤ የፈንጣጣ ቫይረስ አልተገኘም። እውነቱን ነው፤ ጉልበቴ ላይ ከየት ይምጣ! የጥሩወርቅ ፊት ጠባሳ በጠባሳ ሆኖ እዚያው ተቀምጧል፤ እሱን ለማየት ማጉያ አያሻም። አባቴ ግን ማኅተሙን አዩ። «አላልኩም?» ብለው አቶ ከድርን ከነመርፌያቸው ከበር መለሱ። ሰፈሩም አባቴን ተከተለ። እኔ ልናገር ልናገር እያልኩ ዋልኩ፤ አደርኩ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ይባል የለ?

ዝንብስ አልገባበትም። ፈንጣጣው ግን ጎረቤት ዞሮ ተመለሰና የሦስት ዓመት ወንድሜን ሙጨን አልጋ ላይ ጣለው። አቶ ከድር ሌላ ጠርሙስ ይዘው መጡ። አባቴ አንገታቸውን ደፍተው፣ «ያችን ልጅ ጥሯት፤ እጇ የታመነ ነው» አሉ።

አሁን በትክክል ለቀምኩ። ሙጨ አላለቀሰም፤ ለማልቀስ ጉልበት አልነበረውም።

ሁለተኛው ወረቀት ጡቡ ተገኘ ብሎ ሲደርስ ሙጨን ከቀበርን ሰንብተናል። ሰፈሩ እጅጌውን ሰብስቦ ለመከተብ ተሰለፈ። አባቴ ሁለቱንም ወረቀቶች ዳዊታቸው ውስጥ አኑረዋል። አንዳንዴ አውጥተው ያስተያዩዋቸውና፣ «መሣሪያም ይሳሳታል፣ ልጄ» ይሉኛል።

እኔም ውሃ አቀርብላቸዋለሁ።